የጠለለው ኢንሱሊን

እናቴ እዚህ መቱ ጠጅ ጥላ ነው ያሳደገችኝ። በጠጇ ቀልድ አታውቅም። ጋኑ አጠገብ በኃይል የረገጠ ሰው ወዮለት! ጠጅ አይነካም፣ አይነቀነቅም፣ ይጥለል ይባላል፤ ከዚያ ጥሩው ከላይ በቀስታ ይቀዳል፣ አተላው ከታች ይቀራል። ስኳር በሽታ ይዟት ዓይኗም ሲደክም ግን ይኸው ሙያዋ ሊገድላት ደርሶ ነበር። ገዳይዋም እኔው ልሆን።

ሐኪም ቤት የሰጡን ኢንሱሊን ወተት የሚመስለው፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ዓይነት ነበር። ነርሷ ብልቃጡን በሁለት መዳፏ መሃል እያንከባለለች፣ "ከመቅዳትሽ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ አድርጊ፣ ነጩ እኩል እስኪዋሃድ። እንዳትንጪው ግን" አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት እንድወጋት ነገረችኝ።

 እናቴ ቤት ስንገባ ሳቀች።

"ይቺ ልጅ መድኃኒት ታውቃለች እንጂ አተላ አታውቅም። ዝቃጩን በጥብጠሽ ሰውነቴ ውስጥ ልትከቺብኝ ነው?"

ፍሪጅ ስላልነበረን ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለን፣ እርጥብ አሸዋ የሞላ ገንቦ ውስጥ አቆምነው። በማግስቱ ሳወጣው ነጩ ታች ተኝቷል፣ ከላይ ያለው የምንጭ ውኃ ይመስላል። እኔም የእሷው ልጅ አይደለሁ? ምንም ሳላናውጥ ቀስ አድርጌ አጋደምኩና ጥሩውን ቀዳሁላት። ደግሞ ኩራቴ!

መጀመሪያ ሰሞን የውኃ ጥሙ አልለቅ አላት፣ ሽንቷ አላስቀምጥ አላት፣ ቀሚሷ ሰፋት። መድኃኒቱ ገና አልተስማማትም ይሆናል አልን። ቀን በገፋ ቁጥር ጥሩው አልቆ ነጩ ብቻ ቀረ። መድኃኒት ይጣላል እንዴ? ነጩን መቅዳት ጀመርኩ።

አባቴ የመጣው ያኔ ነው።

አባቴ ከሞተ ዓመታት ሆነውት ነበር። በሕይወት ሳለ ከኖፓ በኩል ማር ገዝቶ እያመጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤት ይገባ ነበር። አንድ ቀን ልክ በዚያ ሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እናቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀች።

"ኮቱ፣ ታኢ" አለች። ና፣ ተቀመጥ ማለቷ ነው። እሷና አባቴ ሁልጊዜ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነበር።

በሩ ላይ ማንም የለም። ግንባሯን ላብ አጥምቆታል፣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ አብርቷል። እየሳቀች ብዙ አወራችው። መክሰሷን ቀምሳ ጥቂት ከቆየች በኋላ፣ "ሄደ" አለችኝ።

በማግስቱም መጣ። ከዚያም ወዲያ መጣ። ጎረቤቱ መንፈስ ነው፣ ጠበል ውሰጃት አለኝ። እኔስ? አልዋሽም፤ በሦስተኛው ቀን እርጥብ የማር ስልቻ ሸተተኝ። በወንበሩ ባዶ ጎን መቀመጥ ተውኩ። ይባስ ብሎ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስም አለኝ። እናቴ እንዲህ ከልቧ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር!

አንድ ቀን ግን ብድግ አለች።

"ተነሺ እንሂድ እያለኝ ነው።"

"ወዴት?" አልኳት።

 ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ክንዷን ብይዛት ከየት እንዳመጣችው በማላውቀው ጉልበት መነጨቀችኝ። መንገዱ መሃል ስትደርስ ጭቃው ላይ ተዝለፈለፈች። ኡኡ ስል ፊት ለፊታችን ያሉት ባለሱቅ ሮጠው መጡ። የጅማ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸውም ስኳር በሽተኛ ነበሩ።

"አባቴ ሊወስዳት ነው ጋሼ!"

"አባትሽን ተዪውና! ስኳሯ ወርዶ ነው። መዋጥ ትችላለች?"

ትችላለች። ስኳር በውኃ በጥብጠው ቀና አድርገው ያዟትና በትንሽ በትንሹ አጠጧት። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። እኔን አላየችኝም፣ ከጀርባዬ ነው የምትፈልገው።

"የታለ?" አለች።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"መድኃኒቱ እኮ ነጩ ነው" አለችኝ። "መጀመሪያ ባዶውን ስትወጊያት ከረምሽ። አሁን ደግሞ ታች የተጠራቀመውን፣ የሁለት የሦስት ቀኑን በአንድ መርፌ ሰጠሻት። የጠዋቱ መርፌ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስኳሯ ወርዶ የሌለ ሰው የሚታያት።"

 ለካ አባቴን በየቀኑ የምጠራው እኔ ነበርኩ።

አዲስ ብልቃጥ ሰጡን። በመዳፌ ሃያ ጊዜ እያንከባለልኩ እወጋት ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ ወንበሩ ላይ ፈቀቅ ብላ ትጠብቃለች። ላብ የለም፣ መንቀጥቀጥ የለም። ማንም አይመጣም።

በሳምንቱ ጠዋት ብልቃጡን ከአሸዋው ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

"ዛሬ ከታች ነጩን ቅጂልኝ።"

"እማዬ! ይገድልሻል እኮ!"

"አውቃለሁ። ነርሷ ስትነግርሽ እዚያው ነበርኩ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንድ ቀን ብቻ፣ ልጄ። ሳልሰናበተው ነው የቀረብኝ።"

ንዴትና ልቅሶ እኩል መጡብኝ። እኔስ አባቴ አይደለም? እጄን ከእጇ አላቅቄ ብልቃጡን አንከባለልኩት፣ ነጩ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል እስኪሆን። አልተከራከረችኝም። ሆዷን ገልጣ ሰጠችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና በኦሮምኛ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች። ከእኔ ጋር አልነበረም የምታወራው። እስክትጨርስ ጠበቅኋትና ወጋኋት።