ጫጫታችንን ሰምቶ የሚተኛው ሰው

የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል፣ ረዘም ያለ። ራውዳ ሰፈር በምሠራበት ሱቅ ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይለኝም። አንዳንድ ቀን ግን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ፀሐይዋ አቧራውን ስታቀላው፣ እጄ ካርቶኑ ላይ ይቆማል።

ኳሳችንን የምንጠቀልለው በዚያ ፕላስተር ነበር። ውስጡ የተቀደደ ፍራሽ ስፖንጅ፣ በላዩ ሁለት ካልሲ፣ ከዚያ ፕላስተሩ ሰባት ዙር። ከሰባት ካነሰ ይፈታል፤ ከበለጠ ድንጋይ ይሆናል።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንጫወተው እዚሁ ዐረብ አገር፣ ጉበይራ ሰፈር ውስጥ፣ በሁለት ፎቆች መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ነበር። ከላይ የኤሲ ውሃ አንገታችን ላይ ይንጠባጠባል። ከጥጉ ዳቦ ቤት የትኩስ ተሚስ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ጎሉ ሁለት የቀለም ባልዲ ነው። እኔ በረኛ ነበርኩ፤ መሮጥ አልወድም፣ ማየት ግን እወድ ነበር።

ጓደኛዬ የሚኖረው ከጎሉ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። አባቱ ግድግዳ ለሳኝ ነበር። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ካለፈበት ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ ሳይነጋ ወጥቶ ይሠራና ቀትር ላይ ተመልሶ ይተኛል። መንገዷ መግቢያዋ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ፈቃድ የሌለውን የሚይዙት የጃዋዛት ፖሊሶች መኪና ከመጣ መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን። አንድ ቀን አባቱ ሰብስቦን እንዲህ አለን፦

«መኪና ካያችሁ እንዳትጮሁ። ዝም በሉ፣ ብቻ ዝም። እናንተ ስትንጫጩ እተኛለሁ፤ ዝም ካላችሁ ጫማዬን አደርጋለሁ።»

ዝምታችን ሁለት ጊዜ ሠርቷል፤ ከጎሉ ሆኜ መኪናውን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነበርኩ። ሁለቱንም ጊዜ በጓሮ በር ወጥቶ ተርፏል።

አንድ ሳምንት ሌላው ሰፈር፣ መንሱራ ውስጥ አንድ ፎቅ ሙሉ ሰው ተወሰደ ተባለ። የሰፈሩ ሰው በር የሚከፍተው ቀስ ብሎ ሆነ። እኛ ትንሽ ከደከመንና ጫጫታችን ከቀነሰ እናቶች በመስኮት ብቅ ይላሉ፤ «ያላ፣ ምን ዘጋችሁ? ተጫወቱ እንጂ» ይሉናል። ጎል ሳይገባ የጮህንባቸው ቀናት ነበሩ።

በዚያ ሳምንት ነው ከተጋጣሚያችን ቡድን ረጅሙ ልጅ ሪጎሬ ያገኘው። እኩል ነበርን፤ የሚቀረው ያ ምት ብቻ ነው። አንድ እግሩ ላይ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጎ ኳሱ አጠገብ ቆመ።

«ወንድሜ፣ በሩን ከፈት አድርገው» አለኝ፤ «እንግዳ እየመጣ ነው።»

«እንግዳው ሌላኛውን ጫማውን የት ጣለው?» አልኩት።

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ተንጫጩ፤ ግማሹ በቀኝ ይመታል፣ ግማሹ በግራ ይመታል ይላል። ማሰብ አቃተኝ።

«ኸላስ፣ ዝም በሉ» አልኩ። «ላስብበት።»

ዝም አሉ። አሥሩም። ጓደኛዬ እንኳ፣ አፉን በእጁ ይዞ። የኤሲው ጠብታ ባልዲው ላይ ሲያርፍ ይሰማኝ ነበር። ረጅሙ ልጅ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጫማውን አስተካከለ፤ እንደገና አየኝ። ያ ዝምታ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅህም። ከላይ የብረት በር ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ዓይኔ ግን ኳሱ ላይ ነበር።

ያዝኩት፣ ሆዴ ላይ። መንገዷ በጩኸት ተሞላች።

ጩኸቱ ሳይበርድ የጓደኛዬ እናት ባዶ እግሯን ወረደች። ወደ መንገዱ መግቢያ አየች። መኪና የለም። ወደ እኛ ዞረች።

«ምን አይታችሁ ነው ዝም ያላችሁት?»

ኳሱን ከሆዴ አውርጄ ከኋላዬ ደበቅኩት።

«ልጆቼ፣ ምን አይታችሁ ነው? ሰውዬው እኮ በጓሮ ወጣ።»

በጓሮ በኩል ያለው ጎዳና የጋራዦች ነው። ጃዋዛት የዚያን ቀን የቆሙት እዚያ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲሮጥ እጃቸው ላይ ገባ። አንድ የጋራዥ ሠራተኛ እንደነገረን አልታገለም፤ የአንድ ጫማው ክር ግን አልታሰረም ነበር።

በአራተኛው ቀን ቤታቸው ወጣሁ። ዝም ያሰኘኋቸው እኔ መሆኔን ለእናቱ ልነግራት ወስኜ ነበር። ገና ሳልቀመጥ ስልኩ ጮኸ። አባቱ ከተርሂል፣ ሰው ከመባረሩ በፊት ከሚታሰርበት፣ በሌላ ሰው ስልክ እየደወለ ነበር። ጓደኛዬ አነሳው። ስልኩ ድምፅ ስለሚያፈስ ለሁላችንም ይሰማል።

«በእናንተም በኩል መኪና መጥቶ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀው አባቱ።

ጓደኛዬ አየኝ። እናቱ እሱን አየችው።

«አዎ አባዬ፣ መጥቶ ነበር» አለ። «ሁለት ነበሩ።»

ከስልኩ ውስጥ የብዙ ወንዶች ድምፅ ይሰማ ነበር። የአባቱ ድምፅ ቆይቶ ተመለሰ፤ ቀለል ብሎት ነበር።

«እንግዲያው በየትም ብወጣ አላመልጥም ነበር። በረኛው አለ እዚያ? ደግ አደረግህ በለው።»

ጓደኛዬ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ወደ እኔ ዞረ።

«ደግ አደረግህ ብሎሃል» አለኝ።