ከል የምታወጣበት ቀሚስ

አብነት ሰፈር ባለችው ሱቄ የሐዘን ልብስም እሸጣለሁ፣ ሐዘን የሚወጣበትንም እሸጣለሁ፤ ከሁለቱም እበላለሁ። በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ለራሷ ገዝታ ከል አታወጣም፤ ዘመድ ገዝቶ ነው የሚያለብሳት። ስለዚህ የወጣትነት ፍቅረኛዬ ታላቅ እህት ገብታ «ባሏ ከሞተ ዓመት ሞላው፣ ጥቁሩን ላስወልቃት ነው፤ ቀሚሱን አንተ ምረጥላት» ስትለኝ ነገሩ ገባኝ። የእኔም ሚስት ማረፏን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሴትዮዋ ገበያ የወጣችው ለቀሚስ ብቻ አልነበረም።

ታናሽየዋ ድሮ የምትወደውን አረንጓዴ መረጥኩ። ሳትከራከረኝ ዋጋ ስቀንስላት እህትየው «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ።

በማግስቱ ሐዘንተኛዋ ራሷ ቀሚሱን በፌስታል ይዛ መጣች። ጥቁሩን አላወለቀችም።

«ሰፋኝ» አለች።

«ላስጠብብልሽ።»

«ተወው። አንተ እንደመረጥከው እህቴ በእማማ ፊት ተናገረች። የባሌ እናት እኮ አብራኝ ነው የምትኖረው። ይሄን ለብሼ ከል ባወጣ፣ ‹ልጄ በሕይወት እያለም ይገናኙ ነበር› አትልም?»

«ተገናኝተን እናውቃለን?»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት።»

አረንጓዴውን ተቀብዬ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። እሷ እህቷ ጋ ደወለችና በስልክ አስመረጠቻት። ግራጫ ሆነ። እያጣጠፍኩ «ግራጫ አያምርብሽም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ወዲያው ሌላ ገዢ ሲገባ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «በል እግዜር ይስጥልኝ፣ ነጋዴው» ብላኝ ወጣች።