ቦራ የተባለው ሚኒባስ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነጭ የስቲከር ጥቅልና ምላጬን ይዤ ከፍኖተ ሰላም ተነሣሁ። የምሄደው የገዛ እጄን ሥራ ልልጥ ነው። የአጎቴ ልጅ ደሳለኝ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የሚሠራበት ሚኒባስ ግንባር ላይ፣ ከፊት መስተዋቱ ሥር፣ «ዊኬድ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ስቲከር ሱቄ ውስጥ ቆርጬ በትልቁ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉን የላከለት ለንደን ያለ ጓደኛው ነው፤ እዚያ ወጣቶቹ «ምርጥ» ለማለት ይሉታል አሉ። የቡሬው መምህር ግን ለአጎቴ ለአያ ጌጡ «ክፉ ይላል» ብሎ ተረጎመላቸው። መምህሩም አልዋሸም፤ መዝገበ ቃላቱ የሚለው ይኸንኑ ነው።

አያ ጌጡ ለመኪናው መግዣ የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው የጨመሩ ሰው ናቸው። ትርጉሙን ከሰሙ ወዲህ ቡሬ ገበያ የሚወጡት በእግራቸው ነው። ልጃቸው በአጠገባቸው ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ። ይኼን ስሰማ ነው ምላጬን ያነሣሁት።

በዚያው ሚኒባስ ከደሳለኝ ጋር ስንሄድ ማንኩሳ ላይ የቀሩትን ተሳፋሪዎች ልናወርድ ቆምን። በሃያ ብር ሁለት ጥብስ በቆሎ ገዝቼ አንዱን ለደሳለኝ ሰጠሁት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በርበሬው መቅላት ጀምሯል።

«አሜሪካ ያለችው እህቴ ሌላ ቃል ልካለች» አለኝ። «‹ዘ ቦምብ› ብለህ ጻፍበት አለች። እዚያ ‹ተወዳዳሪ የለውም› ማለት ነው።»

«ኧረ በስመ አብ! ኬላ ላይ ሲያስቆሙህ ምን ልትል ነው?»

ሳቁ መጣ። «የለንደኑም እኛ ዘንድ እንዲህ አይባልም ብሏታል። እነሱም እርስ በርስ አይግባቡም!»

ቡሬ ሳንገባ ወደ አያ ጌጡ ቤት በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ታጠፍን። አያ ጌጡ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር።

«አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አሁኑኑ እልጠዋለሁ» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ፈረንጅኛውን መች ጠላሁ? ከብት የሚታወቀው በግንባሩ ነው። የኔ በሬ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው፤ ቦራ ብዬ ነበር የምጠራው። ቦራዬን ሰጥቼ፣ ግንባሩ ላይ ክፉ የተጻፈበት ደጄ ይደር?» ደሳለኝ አንገቱን ደፋ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የመኪና ግንባር ባዶ ቆርቆሮ ይመስለኝ ነበር።

ልጬ ስጨርስ ነጩን ጥቅል ዘረጋሁ።

«የቦራ ነጩ ምን ያህል ነበር?»

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። «ይኼን ያህላል። ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብል ነበር።»

መዳፋቸውን ስቲከሩ ላይ አስደግፌ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ። ቆርጬ ለጠፍኩት፤ ወደ ግራም አዘነበልኩት። አያ ጌጡ ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ ዱላቸውን አነሡና ጋቢና ገብተው ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ፍኖተ ሰላም ምን ጉዳይ አለዎት?» አላቸው ደሳለኝ።

«ምንም» አሉ።

አምስት ሰዓት ላይ ፍኖተ ሰላም ገባን። አያ ጌጡ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ያገኙትን ሁሉ ሰላም ሲሉ ነው የመጡት። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ የሚመጣውን ሁሉ፣ ፊደል ከመምረጡ በፊት መኪናው ከማን ቤት እንደሚያድር እጠይቀዋለሁ።

አያ ጌጡ ወርደው በመኪናው ፊት ዞሩ። ነጩን ግንባር በመዳፋቸው ዳበሱትና ወደ ልጃቸው ዞረው ተቆጡ።

«ምን ትገተራለህ? ከቡሬ ድረስ መጥቷል፤ ውሃ ስጠው እንጂ!»