የማያልቀው ፊልም

የሃረገወይን ተኽላይ የማትሪክ ውጤት ከሩዋንዳ ሰፈር ተነስቶ አትላስ እስኪደርስ ድረስ መንገድ ላይ አደገ። ከቤት ሲወጣ አራት «ኤ» ነበር። ዳቦ ቤቱ ጋ ስድስት ሆነ። አትላስ ሲደርስ ደግሞ ፈተናውን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ተቀምጠው ተፈትነው፣ እሷ አርማላቸው፣ ሁለቱን ጥላቸዋለች ይባል ነበር።

ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። ሃረገወይን ቡልጋሪያ ሄዳ ኮምፒዩተር እንድትማር ተመድባለች። ሰፈሩ ቡልጋሪያን በጃም ቆርቆሮ ያውቃታል፤ ኮምፒዩተርን ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ከአቶ መኩሪያ በቀር። አቶ መኩሪያ ቴሌግራፍ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የማያውቁትም ነገር ቢሆን ጥቂት ያውቁታል።

«ቁም ሳጥን ነው» አሉ። «ልብስ የማይገባበት ቁም ሳጥን። ጥያቄ ታጎርሺዋለሽ፣ ወረቀት ይተፋልሻል።»

«ቀለቡስ?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ፈለቀች።

«መብራት ብቻ።»

«መብራት ብቻ ከሆነማ እኛ ሰፈር ከመጣ ሳምንትም አይቆይ።»

ሃረገወይን ግን በሰፈሩ የታወቀችው በትምህርቷ ሳይሆን በካሜራዋ ነው። አጎቷ ተወልደብርሃን ኪየቭ ተምሮ ሲመለስ ያመጣላት ዜኒት ነበራት። ክብደቱ አይጣል ነው፤ ቢወድቅ የሚሰበረው መሬቱ ነበር። ከካሜራው ጋር አንድ ፊልም ብቻ መጣ። በዚያች ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ አነሳች። አንዱን ለማንሳት ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል፦ ብርሃን ትለካለች፣ ጸሐይዋን ታያለች፣ ሰውየውን ግራ ቀኝ ታዞራለች፣ ከዚያ ትንፋሿን ይዛ ትጫናለች። ፒያሳ ታጥቦ ሲመጣ ሰፈሩ ፎቶዎቹን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዞር ከረመ፤ የአንዳንዱ ሰው አፍንጫ በጣት ብዛት ጠፋ።

ከዚያ ፊልም ጠፋ። ፒያሳ «ነገ ነይ» ይሏታል፤ ነገ ስትሄድ «ትናንት ነበረ» ይሏታል።

የ1977 ፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ አቶ ገብረየስ በራቸው ላይ ቆመው ጠሯት። ሪዛቸውን ተከርክመዋል፣ የወንድማቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ከሩቅ ዓይን ይወጋል። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስትንፋሳቸውን ውጠው ቆመዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው «ፊልም የለም» ማለት ሰውየውን መንገድ ላይ ልብሱን እንደ ማስወለቅ ሆነባት። ካሜራውን አነሳችና ተጫነች፤ ቀጭ አለ።

«ወጣሁ?» አሉ።

«ወጡ።»

«ሪዜስ?»

«እሱም።»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብላ ነበር። በማግሥቱ ባለቤታቸው መጡ። በሦስተኛው ቀን የባለቤታቸው እህት የልጇን ክርስትና ፎቶ ልታስነሳ ከገርጂ መጣች። እያለ እያለ ሰፈሩ በባዶ ካሜራ ተነስቶ ያልጠገበ ሰው አጣ። ፎቶውስ ለሚል «ፊልሙ ሲሞላ ነው የሚታጠበው» ትላለች። ሰውም ይሄን ያምናል፤ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመውሰድ ተራ መጠበቅ የለመደ ሰው ፊልም እስኪሞላ መጠበቅ አያቅተውም።

አቶ መኩሪያ ግን ቁጥር ይወዳሉ። አንድ ቅዳሜ ግቢው ሰው ሞልቶ እያለ፣ «ሃረጊ» አሏት፣ «አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት አይደለም እንዴ? ከፋሲካ ወዲህ እኔ ብቻ ስድሳ አንድ ቆጥሬያለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ሃረገወይን ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ አፏ ግን ከሷ ቀድሞ መለሰ።

«የሶሻሊስት አገር ፊልም እኮ ነው፣ አባባ መኩሪያ። እንደ ካፒታሊስቱ ቶሎ አያልቅም።»

በዚያች ደቂቃ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ጓድ ዘርአጽዮን በግቢው በር ባያልፉ ኖሮ ነገሩ በሳቅ ባለቀ። ጓድ ዘርአጽዮን ግን ቆሙ።

«ጥያቄ አለዎት፣ ጓድ መኩሪያ?»

«እኔ? የምን ጥያቄ! እንዲያውም መቶ ይደርሳል ሲባል ሰምቻለሁ።»

በሳምንቱ የውይይት ክበብ ላይ የማያልቀው ፊልም ከትራክተርና ከግድብ ቀጥሎ በምሳሌነት ተነሳ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ ወዲያ ያንን ፊልም ማስጨረስ የሚችል አንድም ነፍስ በሰፈሩ አልነበረም። ሃረገወይን ራሷም አልቻለችም።

እትዬ ፈለቀች ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል፤ ትምህርት ቤት በጽዳት ይሠራሉ። ያላቸው አንድ ልጅ ቢተው ነው። ቢተው ለብሔራዊ ውትድርና የሄደ ዕለት ጠዋት፣ እናትየው ሃረገወይንን ከነሸበጧ ጎትተው ቀበሌው በር ላይ አደረሷት። መኪናው ሞተሩን አስነስቷል፤ ሰው ይጋፋል፣ ይለቀሳል፣ በድምፅ ማጉያ ይዘፈናል።

«ቢተውን አንሺልኝ፣ በሞቴ! ቶሎ!»

ቀጭ አደረገች።

«ድገሚው፣ እንዳይበላሽ!»

ደገመችው። መኪናው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ስምንት ወር ምንም። እትዬ ፈለቀች ባለመስታወት ክፈፍ ገዝተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉ። ቤታቸው የገባ ሁሉ ባዶውን መስታወት አይቶ «ይሄ ምንድነው?» ይላል።

«ቢተው ነው» ይላሉ። «ገና ፊልሙ እየሞላ ነው።»

ሃረገወይን ይህን ከሰማች በኋላ በዚያ ደጅ ማለፍ ተወች። ዳቦ ቤት ለመሄድ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ዞራ መጣች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መሄጃዋ አምስት ቀን ሲቀረው እናቷ ወይዘሮ ኣምለሰት ሻንጣ ዘርግተው በርበሬና በሶ ሲያጭቁ፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ እዚያ አገር ሽሮ አይበቅልም ይሉኛል» እያሉ የአንድ ሻለቃ ጦር ስንቅ ሲደራርቡ፣ እትዬ ፈለቀች በር ላይ ደረሱ። እጃቸው ላይ የታጠፈ ቡናማ የሱፍ ሹራብ አለ።

«የቢተው ነው። ቡልጋሪያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል አሉ። እሱ ያለበት አገር ሙቀት ነው፣ አያስፈልገውም። ሲመጣ ትመልሺለታለሽ።»

«ኧረ እትዬ ፈለቀች፣ እኔ ሹራብ አለኝ…»

«ያዢ ብያለሁ! ይልቅ ያቺን ፊልም ባትሞላም አሳጥቢልኝ። አንቺ ከሄድሽ ማን ይሞላታል?»

«እሺ» አለች ሃረገወይን። ከዚያች «እሺ» በኋላ ሹራቡን ሻንጣው ውስጥ ሰባት ጊዜ ከተተች፣ ሰባት ጊዜ አወጣች። የነካችበት እጇ እየሸተታት በሳሙና ታጠበች። ሽታው የሳሙና ነበር፤ እትዬ ፈለቀች አጥበው ነው ያመጡት።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ መኩሪያን አጥራቸው ሥር አገኘቻቸውና በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ካሜራውን ስታጠነጥኚ በግራ በኩል ያለችው መዘውር አብራ መዞር አለባት። አትዞርም። መስመሩ ባዶ ሲሆን ለማወቅ እኮ ነው ሠላሳ ዓመት የተከፈለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ሶሻሊስት ነው አልሽው። እኔ ደግሞ ጡረታዬን እወዳለሁ።» ወደ መንገዱ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ። የድጋፍ ደብዳቤሽ ገና ዘርአጽዮን መሳቢያ ውስጥ ነው። የማያልቀው ፊልም ጭራሽ እንዳልነበረ ከሰማ፣ ያጨበጨብነው ሁሉ ለማን ነበር ሊባል ነው። ያ ሰው ይስቃል ብለሽ ነው? ቀርተሽ ነው የምትቀሪው። ዝም ብለሽ ሂጂ። ከዚያ ‹ፊልሙ ጸሐይ ገባበት፣ ተቃጠለ› ብለሽ ለፈለቀች ጻፊላት። ፊልም ሲቃጠል ማንም አይከሰስም።»

ጥሩ መላ ነበር። ሃረገወይን ቤቷ ገብታ ደብዳቤውን በሐሳቧ ጻፈችው፤ እንዲያውም አሳምራ ጻፈችው። «ውድ እትዬ ፈለቀች፣ በጣም አዝናለሁ» የሚለው ጋ ስትደርስ ያንን ባዶ መስታወት አሰበችና ተነሳች። ሹራቡን በብብቷ ይዛ፣ ለወራት ያልረገጠችውን ደጅ አንኳኳች።

እትዬ ፈለቀች ምስር እየለቀሙ ነበር። ባዩዋት ጊዜ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉና ዓይናቸው ወደ እጇ ሄደ። ፖስታ ነው የፈለጉት፤ ያዩት ሹራቡን ነው።

«ጠበበሽ?»

«አይ… እትዬ ፈለቀች፣ ፊልም አልነበረም።»

«የቱ ፊልም?»

«ካሜራው ውስጥ። ቢተውን ያነሳሁ ቀን ባዶ ነበር። ከዚያም በፊት ባዶ ነበር። ሁሉንም ሰው በባዶ ነው ያነሳሁት።»

እትዬ ፈለቀች ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። ቀስ ብለው ነው ያስቀመጡት፤ አንዲት ምስር አልወደቀችም። ሃረገወይን ጩኸት ነበር የጠበቀችው፤ ጥፊም ቢመጣ ጉንጯ ዝግጁ ነበር።

«ይህን ሌላ ሰው ሰምቷል?»

«አባባ መኩሪያ ብቻ።»

«እሱ አፍ የለውም። ደብዳቤሽን ከቀበሌ ሳትቀበይ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ሰምተሻል? ተቀብለሽ ነው የምትናገሪው፤ ዋልሽ አደርሽ ግን ለሁሉም ትናገሪያለሽ። ገብረየስ እስካሁን ሪዙን እየጠበቀ ነው።»

ይሄ ደግነት ከጥፊው ባሰባት። ጆሮዋ ጋለ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት፣ እዚያም ሆና የምታፍር መሰላት። ሹራቡን መደቡ ላይ አስቀምጣ ልትወጣ ዞረች።

«ቆይ» አሉ እትዬ ፈለቀች። «በዚያች ቀዳዳ ግን አይተሻል አይደል? ሰው ስታነሺ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታያለሽ። ፊልም ኖረም አልኖረም ታያለሽ።»

«አዎ፣ ይታያል።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። እኔ ያን ቀን እንባዬ ጋርዶኝ በቅጡ አላየሁትም። ፎቶው ሲመጣ አየዋለሁ ብዬ ነው የተጽናናሁት። ምን ይመስል ነበር? ስቋል? ወደኔ ነበር የሚያየው?»

ሃረገወይን አፏን ከፈተች። ያንን ጠዋት ፈለገችው። መኪናውን አገኘችው፣ ድምፅ ማጉያውን አገኘችው፣ የሸበጧን መበጠስ እንኳ አገኘችው። ቢተው መኖር ያለበት ቦታ ላይ አንድ የካኪ ቀለም ያለው ነገር ቆሟል፤ ፊት የለውም። ብርሃን አልለካችም፣ ትንፋሿን አልያዘችም። ፊልም እንደሌለ ስለምታውቅ ካሜራውን አንስታ እጇን ነው የተጫነችው። እንዲያውም ዓይኗን ሁለቱንም ጨፍናው ነበር ይሆናል።

«ስቋል» ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። የማያልቅ ፊልም ለፈለሰፈች ልጅ አንድ ፈገግታ ምን ይከብዳታል? ቃሏ ምላሷ ጫፍ ደርሳ ቆመች።

«አላየሁትም፣ እትዬ» አለች። «ባዶ መሆኑን ስለማውቅ አላየሁትም።»

«ይሄንንስ ብትዋሺኝ ምናለበት» አሉ እትዬ ፈለቀች።

ከውጭ አውሮፕላን እየወረደ ቤቱን አንቀጠቀጠው። ሁለቱም እስኪያልፍ ጠበቁ፤ በቦሌ ሰው የሚናገረው በሁለት አውሮፕላን መካከል ነው። ካለፈ በኋላ እትዬ ፈለቀች ወንበራቸውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉ። ሻሻቸውን አወለቁ፣ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ወደ ኋላ ዳሰሱት፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ቢተው ቁርጥ እኔን ነው ይላል ያየው ሁሉ» አሉ። «ግንባሩም፣ ዓይኑም። በይ፣ አሁን እዪኝ።»

ሃረገወይን ቀና ለማለት ሞከረች። የጎማ ጫማቸውን አየች። ጉልበታቸው ላይ የተጣፈውን ቀሚስ አየች። በረኪና የበላቸውን ጣቶች፣ የአንገታቸውን ማተብ፣ ከዚያ አገጫቸውን አየች። ከአገጫቸው በላይ ግን ዓይኗ እምቢ አለ።

«ጊዜ አለኝ» አሉ እትዬ ፈለቀች፣ ሳይንቀሳቀሱ።