ጸበልና የማደንዘዣ መርፌ

አባቴ የጨጓራ ሕመሙ አላስቀምጥ ሲለው ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ ሰቆጣ ድረስ እኔ ዘንድ መጣ። ሐኪሙ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮው አስገብቶ ሊያይለት ቀጠረው። «ከማታ ጀምሮ እህል ውኃ እንዳይቀምሱ» ተባልኩ። እኔ ደግሞ አደራ ከተሰጠኝ ፖሊስ ነኝ። የውኃውን ጀሪካን ሳይቀር አልጋዬ ሥር ደበቅኩት።

ጠዋት ነርሷ መርፌዋን አዘጋጅታ፣ «ምንም አልቀመሱም አይደል አባባ?» ስትለው እኔ ቀደምኩ።

«ጠብታ አላለፈም! እኔ እያለሁ?»

አባቴ ጣቱ ላይ የተሰካውን የኦክስጅን መለኪያ እያገላበጠ፣ «እውነቷን ነው፤ ጉሮሮዬን አደረቀችው። ከጸበሉ በቀር» አለ።

የነርሷ እጅ ቀጥ አለ። «የምን ጸበል?»

ክው አልኩ። በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ያመጣሁት፣ «ጠጣው አባ፣ እግዜር ይማርህ» ብዬ አንድ ጣሳ ሙሉ ያስጨለጥኩት እኔው ነኝ! ጸበልን ውኃ ነው ብሎ ማን ይቆጥረዋል? እኛ ዘንድ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ከጠጡትም በኋላ ሆድ ያው ባዶ ነው።

ነርሷ አልተቆጣችም። «ማደንዘዣው ሲያስተኛቸው ጉሮሯቸውም አብሮ ይተኛል። ሆዳቸው ውስጥ ያለው ወደ ላይ ቢመለስ ሳንባቸው ገብቶ ሊያፍናቸው ይችላል» አለችኝ። ወይኔ ጉዴ! አባቴን በገዛ እጄ ላፍነው ነበር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሱ ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎ ሳቀብኝ።

ጸበሉ ከሆዱ እስኪወርድ አስጠበቁን። ከዚያ ነርሷ ጠየቀችው፤ «ጉሮሮዎን ብቻ አደንዝዘን ነቅተው ሳሉ እንሥራልዎት፣ ወይስ እናስተኛዎት?»

«ማሽላዬን ከዝንጀሮ ነቅቼ የጠበቅኩ ሰው ነኝ፤ ትንፋሼንማ መጠበቅ አያቅተኝም!» ብሎ ፎከረ። ቱቦውን ሲያይ ግን ፉከራው የት እንደገባ እንጃ።

«ይሄ ሁሉ በኔ ጉሮሮ? አስተኚኝ ልጄ። ግን ትንፋሼን ማን ይጠብቅልኛል?»

«እኔ እጠብቅልዎታለሁ። ዓይኔን ከደረትዎ አልነቅልም።»

በር ላይ እንድቆም ተፈቀደልኝ። ኦክስጅኑን በአፍንጫው አደረጉለት፣ መርፌው ተሰጠው፣ ተኛ። ደረቱ ከፍ ሲል እተነፍሳለሁ፤ ሲዘገይ እኔም እዘገያለሁ። አንዴ መለኪያው ጮኸ። ነርሷ ቀልጠፍ ብላ አገጩን ቀና አደረገችለትና ጩኸቱ ቆመ። እኔ ግን እንደደረቅኩ ቀረሁ።

ሐኪሙ ያገኘው የጨጓራ ቁስለት ነበር፤ በመድኃኒት የሚድን። አባቴ ዓይኑን ሲገልጥ ከንፈሬን ነክሼ፣ የበሩን መቃን ጨብጬ እንደቆምኩ አየኝ።

«አለቀ እኮ» አለኝ በተኮላተፈ አፉ። «በይ፣ አሁን አንቺም ተንፍሺ።»