ያልተቀመጥኩባት ወንበር

ዛሬ ጠዋት ለዶሮ ወንበር ሰጠሁ። ሳቅ፣ ግድ የለም፤ እኔም ስቄአለሁ። ጓዳው ጨለም ብሏል፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፤ ክብ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ከሣር የተሠራ ነገር ሳይ ለመታቀፊያ የተዘጋጀ መስሎኝ ዶሮዋን ከነእንቁላሎቿ አስቀመጥኳት። የልጅ ልጄ ስትገባ ክው አለች። "አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው? የእማማ ወንበር እኮ ናት፤ ለእርስዎ ብዬ አሳድሼ ያመጣኋት።" ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። በፀሐይ የደረቀ ስንደዶ ሸተተኝ፤ ከሽታው ጋር ያ የድሮ ቅናቴ ተነሳ።

ያን ጊዜ እዚሁ ደብረ ታቦር ጀማሪ አናጢ ነበርኩ፤ ሙያዬ ገና ቢሆንም ኩራቴ ያለቀለት ነበር። የአንድ መሪጌታን ልጅ ወድጄ በአፌ መናገር ስላቃተኝ ለአባቷ የዋንዛ ወንበር ሠራሁላቸው። ሁለት ሰው ካልተረዳዳ የማይነሳ ወንበር ነበር። መሪጌታ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀመጡበት፤ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩና "ልጄ፣ መልካም ወንበር ነው፤ ጸሎት ላይ እንቅልፍ አያስይዝም" አሉኝ። ምርቃት መስሎኝ እጅ ነሳሁ።

የቀናሁበት ሰውዬ የመጣው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ሊያሠራ ከአዲስ አበባ ተልኮ መሪጌታ ግቢ ቤት ተከራየ። እኛ መሐንዲስ ስንለው እሱ "አርክቴክት ነኝ" ይላል፤ እኔ ሁለቱንም አልወደድኳቸውም። መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አልለቀቀ፣ ሲሚንቶና እንጨት የጫነው መኪና ገሳይ ላይ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ እሱም ሥራ ፈታ። ወንበር ልሥራ ብሎ የገብስ አገዳ ሰብስቦ እንደ ጭን አወፈረና ከአሮጌ ጎማ በቀደደው ላስቲክ እያሰረ እንደ ሰፌድ ይጠመጥመው ጀመር። ሚስማር የለ፣ እንጨት የለ። ከዚያ ልጅቱን "አንቺ ብትሰፊው ይጠነክራል" አላት። ወስፌዋንና ስንደዶዋን ይዛ መጣች።

ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እኔ ወንበሬን ስሠራ እሷን አንድም ነገር አልጠየቅኳትም፤ ጨርሼ ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ። እሱ ግማሹን ሥራ ለእጇ ተወላት። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ወስፌው አገዳውን ሲበሳ እሰማለሁ፤ ከዚያ ሳቋን። "ጠበቅ አድርገሽ ሳቢው" ይላታል። "አንተ ነህ ያላላኸው" ትለዋለች። አላስችል ሲለኝ ሞረድ ልዋስ ብዬ ገባሁ። እጄን አየት አደረገችና "መዶሻም ይሳላል እንዴ?" አለችኝ። መጋዜን ረስቼ መዶሻ ይዤ ነበር።

ወንበሯ ስታልቅ መሪጌታ ተቀመጡባት፤ የጀመሩትን መዝሙር ሳይጨርሱ አንኮራፉ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ? ና ተቀመጥባትና እውነቱን ንገረኝ፤ ወንበር የምታውቅ አንተ ነህ።"

ሱሪዬ ሣር ይይዛል አልኳት፤ ከራሴ እስከ እግሬ ሰጋቱራ ለብሼ። "ነገ እቀመጣለሁ" ብዬ ወጣሁ።

መንገዱ ተከፍቶ፣ ትምህርት ቤቱ አልቆ፣ ሰውዬው በአንበሳሜ በኩል ሄደ፤ ዳግም አላየነውም። ልጅቱን ያገባኋት እኔ ነኝ። አሸነፍኩ ብዬ ሳልጨርስ ግን ሙሽራዬ ከነወንበሯ ገባች። ስንደዶው በሳሳ ቁጥር ትጠግናትና "አሁንስ?" ትለኛለች። "ነገ" እላታለሁ። ልጆቻችን ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፤ ከሳቋ መጨረሻ ላይ ግን ትክ ብላ ታየኝ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከሣር ጋር ስቀናና ሸበትኩ።

ያረፈች ዕለት ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ ወንበሯ ላይ እየተነሳ እየተቀመጠ ተፈራረቀ። እኔ ቆሜ ዋልኩ።

ዛሬ ዶሮዋን ላነሳት እጄን ብሰድ በመንቁሯ ወጋችኝ። የልጅ ልጄ ወደ ሌላ ቦታ እንድናዛውራት ብትለምነኝም ተያት አልኳት፤ የታቀፈች ዶሮ ከነካኳት እንቁላሏን ጥላ ትነሳለች። እናም ከአማቴ የወረስኩት የገዛ ዋንዛዬ ላይ፣ ማንም ስላልደፈረው ዛሬም አዲስ በሆነው ወንበር ላይ፣ ወገቤን እያመመኝ ከዶሮዋ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ተራው የእኔ ነው። ወንበሯ ምቹ መሆኗን አለመሆኗን እስካሁን አላውቅም፤ እውነቱን ንገረኝ ብላኛለችና፣ አንድ መልስ አለብኝ።