ኦቦ ቶሎሳ የለጠፉት ጋዜጣ

በቅርቡ ፉሪ ላይ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ቆሜ አየሁ። ግድግዳው ሲገመስ ከጭቃው ጋር ድርብርብ ጋዜጣ ወረደ። የሻገተ የዱቄት ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ኦቦ ቶሎሳ ትዝ አሉኝ።

በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ውስጥ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ። ጳጉሜ ሲገባ ሰፈሩ ቤቱን ለእንቁጣጣሽ ያሳምራል። ሴቶቹ የውጭውን ግድግዳ በነጭ አፈር ይቀባሉ፤ ኦቦ ቶሎሳ ደግሞ ከፋብሪካው ቢሮ ያገኙትን አሮጌ ጋዜጣ ተሸክመው ቤት ለቤት እየዞሩ ውስጡን ይለጥፋሉ። ሙጫው በውኃ የፈላ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ብሩሻቸው የፈረስ ጭራ። ደንብም ነበራቸው፦ የጃንሆይ ፎቶ ያለበት ገጽ አይቀደድም፣ አይቃጠልም፤ ፎቶው ወደ ውጭ ሆኖ ከፍ ብሎ ይለጠፋል። ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። የከበደኝን ፊደል በብሩሹ እጀታ እየጠቆሙ ያስጠኑኝ ነበር።

አባቴ በዚያው ፋብሪካ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። አንድ ክረምት ከቤት ጠፋ። እናቴ ለመንገድ ሥራ ጅማ ሄዷል አለችኝ። ያን ጳጉሜ ቤታችንን ሲለጥፉ ኦቦ ቶሎሳን ስጠይቃቸው፣ ብሩሹን ሳያቆሙ፣ "ለመስቀል ይመጣል። ካልመጣማ ይህን ቤት ለማን ብዬ ነው የማሳምረው?" አሉኝ።

አመንኳቸው። መስቀል አለፈ።

በዓመቱ፣ ጳጉሜ ላይ፣ ጣራው አፈሰሰና የጃንሆይ ፎቶ ያለበት ገጽ ረጥቦ ተላጠ። ጀርባውን አነበብኩ። አባቴ አቡጄዲ ሰርቆ ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል። ሲያወጣ አይቻለሁ ብሎ የመሰከረበት ዘበኛ ቶሎሳ ይባላል።

ኦቦ ቶሎሳ የጃንሆይ ፎቶ ያለበትን ገጽ ማቃጠል አልደፈሩም። ሌላ ቤት ቢለጥፉት ትልቅ ሰው ሊያነበው ይችላል። አባቴ ከጠፋ ወዲህ እኛ ቤት ፊደል የምለየው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለዚህ ዜናውን ወደ ጭቃው አዙረው ከቁመቴ በላይ ለጠፉት።

ሙጫቸውን ይዘው ሲመጡ ደጃፍ ላይ ጠበቅኳቸው።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ?" አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንደምን አለሽ፣ ልጅት ማለታቸው ነው።

"አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?"

"ለመስቀል አላልኩሽም?"

"ለየትኛው መስቀል?" ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

አዩት። "ያየሁትን ነው የመሰከርኩት" አሉ።

"ለእኔስ?"

 የሙጫ ጣሳቸውንና ብሩሹን መሬት ላይ ትተው ሄዱ።

አባቴ ከተፈታ በኋላ ምስክርነታቸው እውነት እንደነበር ራሱ ነግሮኛል፤ ይህን መደበቅ አልችልም። እኔን ግን ዓመት ሙሉ ዋሽተውኛል።

ያን ዕለት ግድግዳውን ራሴ ለጠፍኩ። ያንን ገጽ ዜናውን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ከእንግዳ መቀመጫው መደብ ፊት ለፊት አጣበቅኩት። እናቴ ወረቀቱ የሚለውን ሳታውቅ፣ "ዘንድሮስ አሳመርሽው" አለች።

ኦቦ ቶሎሳ ቢቀሩ እናቴ ለምን ብላ ስለምትጠይቅ ይመስለኛል፣ ለእንቁጣጣሽ መጡ። እንደ ልማዳቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ጠላ ተቀዳላቸው። ቀና ሲሉ ግድግዳውን አዩ፤ ጠላውን ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡና ወጡ።

ደግመው አልመጡም። ብሩሻቸው እኛ ቤት ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ በየጳጉሜው የለጠፍኩት በእሱ ነው። ከመለጠፌ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ገልብጬ አነብ ነበር።